ከተማ ውስጥ የሚታዘዝ፣ ዳገት ላይ የሚለቅ ካምቢዮ፦ የአንዲት ኮሮላ የጉዳይ ጥናት ከአዳማ

ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብርማ ቀለም ያላት ኮሮላ አዳማ ያለው ጋራዣችን በር ላይ ቆመች። ባለቤቷ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱና «ልጄ፣ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ነገር ነግሮኛል፤ አንተ ደግሞ አራተኛ እንዳትሆንብኝ» አሉኝ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰፈሩም ጋራዡም «መምህር» ነው የሚላቸው።

የመጀመሪያው ሰው «ካምቢዮው አልቋል፤ ሙሉውን አውርደን ያገለገለ እንግጠምልዎት» ብሏቸዋል። ሁለተኛው ኮፈኑን ከፍቶ «ዘይት ጎድሏል» ብሎ ጨምሮበት ሸኝቷቸዋል። ሦስተኛው ደላላ ነው፤ «ሳይብስባት ይሽጧት፣ ገዢ አላጣም» አላቸው። መምህር የሦስተኛውን ሲነግሩኝ ፊታቸው ተለወጠ። «እያወቅሁ ለሰው ልሽጥ?» ብለው ዝም አሉ።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ተሳስቼበታለሁ። ሁለተኛ፣ ጊዜው ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። ሰው ያለችውን መኪና ጠግኖ መኖር ግድ ሆኖበታል። «ካምቢዮው ይቀየር» የምትለው አጭር ቃል ለአንድ ጡረተኛ የዓመት ገቢ ልትሆን ትችላለች። ሳይለኩ የምትነገር ቃል አይደለችም።

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2005 ሞዴል ነች። ከአሜሪካ የገባች፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ ሆኖ ቶዮታ ኤ240 ከሚለው ወገን ነው። ቆጣሪዋ በማይል ነው የሚቆጥረው፤ 148,000 ይላል፣ ወደ 238,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መምህር ከገዟት 6 ዓመት ሆኗቸዋል። የሞተር ዘይት በሰዓቱ ያስቀይራሉ፣ ደረሰኙንም ሳይቀር በማኅደር ይዘዋል። የካምቢዮው ዘይት ግን በ6ቱ ዓመት አንድም ቀን አልተነካም። «የካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም አሉኝ» አሉ። ይህ አባባል ብዙ ካምቢዮ ገድሏል።

ቅሬታቸውን እንደ ሒሳብ ጥያቄ በቅደም ተከተል ነው የነገሩኝ። ጠዋት እጀታውን ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ሲያስገቡ መኪናዋ ትንሽ ትቆይና ዘላ ትነሳለች። አር (ወደ ኋላ መሄጃው) ላይ ሲሆን ደግሞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬ ነው የምትንቀሳቀሰው።» አርብ አርብ አሰላ እህታቸው ጋ ይወጣሉ፤ ኢተያን አልፈው ዳገቱ ሲከብድ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ጉልበት የላትም። ቆጣሪው ላይ የሞተሩ ዙር ይነሳል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል።

የመጀመሪያው ቀንና የእኔ ስሕተት

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የሚቀድመው ዘይቱን ማየት ነው፤ እዚያ ላይ አልተሳሳትኩም። በዚህ መኪና ላይ የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ተነድታ ከሞቀች በኋላ ነው፤ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ እጀታው ከፒ (ማቆሚያው) እስከ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) ሁሉንም ቦታ ነክቶ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ። መለኪያው ዘንግ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለሙቅ። ብዙ ሰው ይህን ከሞተር ዘይት ጋር ያምታታዋል። የሞተር ዘይት ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሚለካው።

መኪናዋን አሙቀን ስንለካ ዘይቱ ከሙቁ ምልክት በላይ ጣት ተኩል ያህል አልፎ ተገኘ። አልጎደለም፤ ሞልቶ ፈስሷል። ቀደም ብሎ «ጎድሏል» ያለው ሰው ዘይቱ ሳይሞቅ ለሙቅ በተሠራው ምልክት ለክቶ ኖሯል። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይንጡታል፣ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ውስጥ አየር አለ፣ አየር ይጨመቃል፣ ማርሹን የሚይዘውን ፍሪሲዮን የሚጫነው ግፊት ይላላል። ስለዚህ የዘይት መብዛት ብቻውን መንሸራተት ሊያመጣ ይችላል። እኔም እዚህ ላይ ምክንያቱን ያገኘሁ መሰለኝ።

ትርፉን ቀነስን። ቀለሙ ቡናማ ስለነበር በማፍሰሻው የሚወጣውን 3 ሊትር ገደማ አፍስሰን ለዚህ ካምቢዮ የታዘዘውን ቶዮታ ቲ-ፎር ዘይት ተካንበት። ሙሉው ከ6 ሊትር በላይ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) እና ቱቦዎቹ ውስጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ በማፍሰስ ግማሹ እንኳ አይቀየርም። ከፍራንኮ ተነስተን በፖስታ ቤት አድርገን፣ በባጃጁና በጋሪው መካከል እየቆምን እየተነሳን ዞርናት። ማርሽ በለሰለሰ ሁኔታ ይቀያየራል። ከጠዋቱ ይልቅ ዲ ላይ ቶሎ ትይዛለች። መምህር ደስ አላቸውና «ታዲያ ዕዳው ገብስ ነዋ!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሸኘኋቸው።

ስሕተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ልብ በሉ። ሰውዬው ዳገት ላይ ትለቃለች ብለውኛል፤ እኔ የፈተንኳት ሜዳ ላይ ነው። አዳማ መሃል ከተማዋ ሜዳ ነች፤ ባዶ መኪና ካምቢዮውን እዚያ አያስጨንቀውም። አሰላ ግን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዳማ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ መልካሳ ወርዶ አዋሽን ይሻገራል፣ ከዚያ በዴራ በኢተያ እያለ እስከ አሰላ ወደ ላይ ነው። አንድ አውቶማቲክ ካምቢዮ የደበቀው ነገር ካለ እዚያ ያወጣዋል።

በ11ኛው ቀን አርብ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ኢተያን አልፌያለሁ፤ መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልወጣችም።» ሦስት ሰውና ለእህታቸው የሚወስዱት ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጭነዋል። ዳር ይዘው ሞተሩን ሳያጠፉ በፒ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያበርዷት ነገርኳቸው። ከዚያ እጀታውን ዲ ላይ ሳይሆን 2 ላይ አድርገው ቀስ ብለው እንዲሞክሩ አልኳቸው። «2 ላይ ትወጣለች!» ብለው መልሰው ደወሉ። ቀስ ብለው አሰላ ገቡ፤ እሁድ ባዶዋን በ2 ይዘዋት ወረዱ።

ያቺ የስልክ መልስ ለእኔ ከስካነር፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር ከሚያነበው መሣሪያ፣ በላይ ነበረች። እጀታው 2 ላይ ሲሆን የሚሠሩት 1ኛና 2ኛ ማርሽ ናቸው፤ እነሱ ይይዛሉ ማለት ነው። የሚለቀው 3ኛው ነው።

ነገርን ከሥሩ

ሁለተኛው ዙር ላይ በዘፈቀደ አልሄድኩም። ውጤቱን ከመናገሬ በፊት ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ላስረዳ፤ አለዚያ ቁጥሮቹ ትርጉም አይኖራቸውም።

ማንዋል መኪና ላይ አንድ ፍሪሲዮን አለ፣ በእግር እንጫነዋለን። አውቶማቲኩ ውስጥ ግን ብዙ ትንንሽ ፍሪሲዮኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በተደራረቡ ሸራዎች (ቆንጥጦ የሚይዝ ሽፋን ያላቸው ክብ ብረቶች) እና ልሙጥ ብረቶች የተሠራ ነው። በእግር ፈንታ የሚጫናቸው በፖምፓ የሚገፋ ዘይት ነው። ዘይቱ ከጀርባ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራዎቹን ያጣብቃል፣ ማርሹ ይይዛል። ፒስተኑ ጠርዝ ላይ የጎማ ማሸጊያ አለ። ሸራው ሲያልቅ ወይም ማሸጊያው ሲደርቅ ማርሹ ዘግይቶ ይይዛል፣ አለዚያም ጭነት ሲመጣበት ይለቃል። ሞተሩ የሚጮኸው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ማርሽ የራሱ የፍሪሲዮን ጥምረት አለው፤ ስለዚህ የትኛው ማርሽ እንደሚለቅ በትክክል ካወቅን ሳንከፍተው የትኛው ፍሪሲዮን እንደታመመ መናገር እንችላለን።

በዚህ የኤ240 ወገን ካምቢዮ 3ኛ ማርሽና የኋላ ማርሽ ዳይሬክት ክላች የሚባል አንድ ፍሪሲዮን ይጋራሉ። መምህር የነገሩኝ ሁለት ነገር፣ አር ላይ መዘግየትና ዳገት ላይ 3ኛው መልቀቅ፣ ሁለት በሽታ አይደሉም። መጀመሪያ ቀን ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ግን ማሰብና ማረጋገጥ ይለያያሉ። መኪናዋን ጋራዥ አሳደርናት። ጠዋት በቀዝቃዛው፣ የእግር ፍሬን ተረግጦ፣ የስልክ ሰዓት ይዤ፣ ከኤን (ከነፃው) ወደ ዲ ሳስገባ መኪናዋ ነቅነቅ እስክትል ቆጠርኩ። በየመካከሉ አንድ ደቂቃ እያረፍኩ ሦስት ጊዜ ለክቼ አማካዩን ወሰድኩ። ወደ ዲ 2.1 ሴኮንድ፣ ወደ አር 4 ሴኮንድ ሆነ። ከዚያ አሙቀናት ደገምነው፤ ቶዮታ ለዚህ ፈተና የሚፈልገው ዘይቱ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሲሆን ነው። ወደ ዲ 1 ሴኮንድ፣ ወደ አር 2.4 ሴኮንድ። ቶዮታ የሚፈቅደው ወደ ዲ ከ1.2፣ ወደ አር ከ1.5 ሴኮንድ በታች ነው። በሙቀት ዲ ጤነኛ ነው፤ አር አይደለም። በብርድ ሁለቱም መዘግየታቸው ደግሞ የጎማ ማሸጊያዎቹ እንደደረቁ ይጠቁማል፤ ጎማ ሲሞቅ ይለሰልስና ለጊዜው ያሽጋል።

ቀጥሎ ሞተሩን በፍሬን ይዘን መፈተን ነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። አራቱም ጎማ ላይ ታኮ፣ የእጅ ፍሬን፣ የእግር ፍሬን እስከ መጨረሻው፣ ከፊትም ከኋላም ሰው የለም። ዲ ላይ ቤንዚን ሙሉ ተረግጦ የሞተሩ ዙር የት ላይ እንደሚቆም ይነበባል፤ ከ5 ሴኮንድ በላይ መያዝ ዘይቱን ያቃጥላል። ዲ ላይ 2,150 ላይ ቆመ። ካምቢዮው ካረፈ በኋላ አር ላይ ደገምኩት፤ 2,900 አልፎ ሊወጣ ሲል ለቀቅሁት።

የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ እዚህ አገር ያሳስታል። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ጤነኛ መኪና እንኳ እዚህ መጽሐፉ ከሚለው ዝቅ ይላል፤ መጽሐፉን የገጠመ ቁጥር ራሱ ሊያጠራጥር ይችላል። ዲን ከአር ጋር ማወዳደር ግን ከፍታ አያዛባውም። ሞተሩ ያው ነው፣ ኮንቨርተሩ ያው ነው፣ አየሩም ያው ነው፤ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። በ750 ዙር ከተለያዩ አር ላይ የሚሠራ አንድ ነገር ይለቃል።

ዲ ላይ ስንነሳ የማይሠሩ፣ አር ላይ ግን የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ ዳይሬክት ክላቹና የ1ኛና የኋላ ማርሽ ብሬክ የሚባለው፣ የጎማ ፍሬን ሳይሆን ካምቢዮው ውስጥ ያለ ክፍል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ብሬኩ እጀታው ኤል ላይ ሲሆን ቤንዚን ስንለቅ መኪናዋን በሞተር የሚይዛት እሱ ነው። መምህርን ጋቢና አስቀምጬ ወደ መልካሳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ቀስ ብዬ ኤል አስገባሁና ቤንዚኑን ለቀቅሁ። መኪናዋ ጎትታ ያዘች። መምህር ወዲያው ገባቸው፤ «ስለዚህ ብሬኩ ከዝርዝሩ ወጣ፤ የቀረው አንድ ነው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው።

ስካነሩ ላይ ምንም ኮድ አልነበረም፣ የኦቨርድራይቭ (የ4ኛው ማርሽ) መብራቱም ብልጭ አላለም። ብዙ ባለቤት «ኮድ የላትም» ሲባል መኪናዋ ደህና ናት ብሎ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የሚያየው የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ነው፤ የደረቀ ጎማና ያለቀ ሸራ እስኪበዛበት ድረስ ዝም ሊል ይችላል። ሶሌኖይድ፣ በኤሌክትሪክ የዘይት መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል፣ ይሆን ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን የኋላ ማርሽ ዘይቱን የሚያገኘው በእጀታው በሚከፈተው መንገድ እንጂ በሶሌኖይድ ፈቃድ አይደለም። ከባድ ማሽን ከሚጠግን ወዳጄ የግፊት መለኪያ ተውሼ ፖምፓውንም ለካሁት፤ አር ላይ እንደሚገባው ከዲ በላይ ወጥቶ ቆመ። ፖምፓው ጤነኛ ነው።

በመጨረሻ ኮፓውን፣ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ አወረድነው። ከውስጡ ያሉት ማግኔቶች ግራጫ ጭቃ መልበሳቸው አያስደነግጥም፤ ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የብረት ብናኝ ነው። ያስደነገጠኝ ከሥር የተጠራቀመው ጥቁር ቅርፊት ነው፤ በጣት ሲታሽ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይፈርሳል። ከመለኪያው ዘንግ ላይ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አኖርኩ። ሁለት ሳምንት ገደማ የሆነው አዲስ ዘይት መሃሉ ቡናማ፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ሆኖ ተዘረጋ፤ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የተቃጠለ እንጀራ ምጣድ ላይ ሲቀር የሚሸተውን ይሸታል። ወረቀቱን ለመምህር ሰጠኋቸው። አጥፈው ማኅደራቸው ውስጥ ከተቱት።

ምን እናድርግ?

ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለመጀመሪያው ቀን የተቀበልኩትን የእጅ ዋጋም ከሒሳቡ ቀነስኩ። ከዚያ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ሙሉ ዘይቱን ቀይሮ መሄድ አንዱ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን የተበላ ሸራ በዘይት አይበቅልም። ለጥቂት ሳምንት ይሻለው ይሆናል፣ ከዚያ የቀረውን ሸራ ይጨርስና ብረት በብረት ሲፋጭ ሌላውንም ይጎዳል። ሰው «የድሮ ካምቢዮ ዘይት ከቀየሩለት ይሞታል» የሚለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሊሞት የደረሰ ካምቢዮ ላይ ዘይት ይቀየራል፣ ካምቢዮው ይሞታል፣ ጥፋቱ የዘይቱ ይሆናል።

ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ መግጠም ሌላው ነው። ሥራው በሁለት ቀን ያልቃል፤ አንዳንዴም ትክክለኛው መፍትሔ እሱ ነው፣ ለምሳሌ ሳጥኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ጥርሶቹ ከተሰበሩ። ነገር ግን የሚመጣው ካምቢዮ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ያውቅ እንደሆነ የሚናገር ሰው የለም። የራሳቸው ካምቢዮ አንድ የታወቀ ቁስል አለበት፤ ያኛው የማይታወቅ።

ሦስተኛው መክፈት ነው። ሸራዎቹን፣ ማሸጊያዎቹንና ጓርኒሲዮኖቹን የያዘው ኪት ዋጋው ያን ጊዜ ከሙሉው ካምቢዮ ሲሶ አይሞላም ነበር። የእጅ ዋጋው ግን ከበድ ይላል፤ መኪናዋም ቢያንስ አንድ ሳምንት ትቆማለች። ከፍተን ጥርሶቹ ወይም የፖምፓው አካል ተጎድቶ ካገኘን ሥራውን አቁመን እንደገና እንነጋገራለን አልኳቸው፤ ይህንንም በጽሑፍ አደረግነው። ይህ ነገር ሳይጻፍ ካምቢዮ መክፈት ከደንበኛ ጋር መጣላት ነው።

መምህር ጥቂት አሰቡና «ግምት ነው ወይስ ታውቃለህ?» አሉ። «ዳይሬክት ክላቹ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ምን እንደተጎዳ የማውቀው ስከፍተው ነው» አልኳቸው። «ክፈተው» አሉ።

ኪቱን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጃችን ፈልጎ እስኪልክልን ካምቢዮውን አውርደን ፈታነው። ዳይሬክት ክላቹን ሳወጣ መምህር አጠገቤ ቆመው ነበር። ከሸራዎቹ ሁለቱ ላይ ሽፋኑ ጠፍቶ ባዶ ብረት ቀርቷል፤ ከመካከላቸው ያሉት ብረቶች ላይ ሙቀት የጣለው ሰማያዊ ነጥብ ይታያል። የፒስተኑን ማሸጊያ በጥፍሬ ነቅዬ በሁለት ጣት ጎበጥ ሳደርገው እንደ ደረቀ ፓስታ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አዲሱን ከኪቱ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ጠምዝዘው ለቀቁት፣ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የወደ ፊት ማርሾቹ ፍሪሲዮን ገና ዕድሜ ነበረው፤ ግን ከተከፈተ አይቀር እሱንም ቀየርነው። ጥርሶቹና ፖምፓው ንጹሕ ነበሩ። አዲሶቹን ሸራዎች ከመግጠም በፊት በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ነከርናቸው፤ ደረቅ ሸራ የተገጠመ ቀን ነው የሚቃጠለው። እያንዳንዱን ፍሪሲዮን ከገጠምን በኋላ በዘይት መግቢያው ቀዳዳ የኮምፕሬሰር አየር እንሰጠዋለን። ፒስተኑ «ድም» ብሎ ከገፋና አየሩ ካላፏጨ ማሸጊያው ይዟል። ዳይሬክት ክላቹ መጀመሪያ አፏጨ፤ ፈታነው፣ የማሸጊያው ከንፈር አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ አገኘነው፤ አስተካክለን ስንመልሰው «ድም» አለ። ያን ድምፅ ሳይሰሙ ሳጥኑን የሚዘጉ ሰዎች አሉ። ከሳምንት በኋላ እንደገና መክፈት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ማቀዝቀዣው ነው። የካምቢዮው ዘይት በራዲያተሩ ታች ባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ዞሮ ይመለሳል፤ ካምቢዮው የተፋው ቅርፊት ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። በዝቅተኛ አየርና በአዲስ ዘይት ስናጥበው መጀመሪያ የወጣው እንደ ቡና አተላ ነበር። ጠርቶ እስኪወጣ አጠብነው። ይህ ባይሆን አዲሱ ፍሪሲዮን የአሮጌውን ቆሻሻ መልሶ ይጠጣ ነበር። ኮንቨርተሩን ስንመልስም እያዞርን እስከ መጨረሻው ፖምፓው ውስጥ መግባቱን ለክተን አረጋገጥን፤ ሳይገባ በቡሎን የተጎተተ ኮንቨርተር ፖምፓውን ይሰብረዋል።

በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ ተነሳ። በሙቀት ወደ ዲ 0.8፣ ወደ አር 1.1 ሴኮንድ። በፍሬን ይዘን ስንፈትናት ዲና አር በ50 ዙር ብቻ ተለያዩ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ግን በግራ አክሱ በኩል ዘይት ጠብ ማለት ጀመረ፤ ፓራውልዮውን፣ እዚያ ያለውን የዘይት ማሸጊያ፣ ደህና ይመስላል ብዬ ሳልቀይር ትቼው ነበር። ያለ ክፍያ ቀየርኩት።

የመጨረሻው ፈተና አሰላ ነበር። በዚህ ጊዜ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ሽንኩርቱም ተጭኗል። ከዴራ በኋላ መምህር እንደለመዱት ዲ ላይ እንዳለ ሲወጡ ካምቢዮው በ3ኛውና በኦቨርድራይቩ መካከል ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ይህ ማመንታት ነው ሙቀት የሚያመርተው፤ የዘይቱ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚል የባለሙያዎች የልምድ ስሌት አለ። እጀታው ጎን ያለውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ እንዲያጠፉት ነገርኳቸው። 3ኛው ላይ ረግታ ዳገቱን ያዘች። 6 ዓመት ሙሉ ያቺን ቁልፍ ነክተዋት አያውቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። ኢተያን ስናልፍ ቤንዚኑን ጠንከር አድርገው ረገጡ፤ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ተነሱ። መምህር ምንም አላሉም፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን እያዩ ቆዩና «እህቴ ምሳ ሳትበላ አትለቅህም» አሉኝ።

ከ1,500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን አንድ ጊዜ ደግመን አፈሰስን፤ ከሸራዎቹ መላመድ የሚወጣውን የመጀመሪያ ብናኝ ለማስወገድ ነው። ከዚያ በኋላ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ተስማማን፤ ይህ የመጽሐፍ ሳይሆን የእኔ ፍርድ ነው፣ ለአሰላ ዳገትና ለጭነት የተሰጠ። ወደ ኋላ ከማስገባታቸው በፊት መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ያቆማሉ። ዳገት ላይ ሲቆሙ በቤንዚን ሳይሆን በፍሬን ይይዟታል።

ሰኔ ላይ ለሌላ ሥራ ሲመጡ ማኅደራቸውን ከፈቱልኝ። የተቃጠለው ጠብታ ያለበት ወረቀት ከላይ ነው፤ ከሥሩ በየወሩ ራሳቸው እየለኩ ጠብ ያደረጉባቸው ነጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ ቀኑና ማይሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎባቸዋል። የመጨረሻው 152,600 ይላል። ጠብታው ቀይ ነው፣ ዙሪያው ላይ ጥቁር ቀለበት የለም።